«ጭንቅላቱ አይቀበልም» ከማለታችን በፊት

አምና በጥምቀት ሰሞን አክስቴን ለመጠየቅ ኮን ሄጄ ነበር። ኮን በሰሜን ወሎ ደጋ ላይ ያለች የዋድላ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ጥር ላይ ፀሐይ ስትገባ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ምድጃው ይጠጋል። ቡናው እስኪፈላ ስንጠብቅ የአክስቴ የመጨረሻ ልጅ እንቆቅልሽ ያዘኝ። ዕድሜው 11 ነው። አንድ ጠየቀኝ፣ አልመለስኩም። ሁለተኛውም ሦስተኛውም አቃተኝ። በጨዋታው ወግ መልስ ያጣ ሰው አገር ይሰጣልና ጎንደርን ሰጠሁት፤ ሐረርን ጨመርኩለት፤ ጅማንም ወሰደ። በሰጠሁት አገር ሁሉ እየዞረ ሲሳለቅብኝ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

አክስቴ ግን ብዙም አልሳቁም። ልጁ የበጎቹን በረት ሊዘጋ ሲወጣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንዲህ ስታዪው ብልህ ይመስላል አይደል?» አሉኝ። «ትምህርት ቤት ግን ሌላ ነው። መምህሩ አስጠርተውኝ ጭንቅላቱ አይቀበልም፣ ባይደክሙ ይሻላል አሉኝ።» የሦስተኛ ክፍል ካርዱን አመጡልኝ። ከ46 ተማሪ 43ኛ። ሒሳቡም፣ አካባቢ ሳይንሱም፣ አማርኛውም አንድ ዓይነት ነው፤ ተንፏቆ ያለፈ ልጅ ካርድ። «እንግዲህ ከበጎቹ ጋር ይዋል፤ ወይም ወልድያ አንድ ዘመድ ሱቅ አለው፣ እሱ ጋ ይላላክ» አሉ። ገና አልቆረጡም ነበር። አዲስ አበባ የተማረችው የእህታቸው ልጅ ምን እንደምትል እየጠበቁ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ልጁን ከደጅ ፀሐይ ላይ አስቀምጬ ፊደል እንዲቆጥርልኝ ጠየቅኩት። ከሀ እስከ ፐ አንድ ትንፋሽ በማይሞላ ጊዜ ዘመረልኝ። ከዚያ ከመሐል «ቡ»ን በጣቴ ነካሁና «ይህቺ ማን ናት?» አልኩት። ጣቱን ወደ መስመሩ መጀመሪያ መልሶ «በ፣ ቡ» ብሎ ደረሰባት። «ጌ»ን ስነካ አራት ፊደል ተራምዶ መጣ። ፊደሎቹን የሚያውቃቸው እንደ ዜማ ነው፤ ዜማው ከተቋረጠ ይጠፉበታል። የሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ገልጬ አንዲት አንቀጽ ስሰጠው አንዱን ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ከአንድ ደቂቃ በላይ ፈጀበት፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ከአእምሮው ወጥቷል። ምን እንዳለ ስጠይቀው ዝም አለ።

ያንኑ አንቀጽ ራሴ አነበብኩለት። ወንዝ ስለደረቀበት መንደር ነው። መጽሐፉን ስከድነው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መልሶ ነገረኝና፣ «ታዲያ ወንዙ ከደረቀ ከብቶቹን የት አጠጧቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። መጽሐፉ ላይ ይህ ጥያቄ የለም፤ ሊኖር ግን ይገባ ነበር። የሒሳብ መጽሐፉ ላይ ባዶ የተወውን ጥያቄም በግና ብር አድርጌ በቃል ስጠይቀው አፌን ሳልዘጋ መለሰልኝ።

ታዲያ ያ ካርድ የለካው ምንን ነው? የልጁን አእምሮ ወይስ የልጁን ንባብ? ብዙ ወላጆች፣ ብዙ መምህራንም፣ ሁለቱን አንድ አድርገው ይቆጥሯቸዋል። በዓለም ላይ የልጆችን የአእምሮ ብቃት የሚለኩ ፈተናዎች ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው፤ ይኸው ጥያቄ ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ ሲከተላቸው ኖሯል። (ከዚህ በታች የውጭውን ታሪክ ስጠቅስ ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ የአገር ቤቱን በእኛው አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

የፈተናው አባት

በ1904 የፈረንሳይ መንግሥት ትምህርት መከተል ያቃታቸውን ልጆች ጉዳይ የሚመለከት ኮሚሽን አቋቋመ። አልፍሬድ ቢኔ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባው ከቴዎዶር ሲሞን ጋር ሆኖ በ1905 የመጀመሪያውን የአእምሮ መለኪያ ፈተና አወጣ። ያሰበው ልጆችን ለማባረር አልነበረም። ተጨማሪ እገዛ የሚያስፈልገው ልጅ በመምህሩ ግምትና ቁጣ ሳይሆን በተመረመረ ነገር እንዲለይ ነው። ለዚህም ሲባል ሁለቱ ሰዎች ለልጁ የሚነበብም የሚጻፍም ነገር ላለመስጠት ተጠነቀቁ፤ የተማረውን ሳይሆን የሚያስብበትን መንገድ ነበር ማየት የፈለጉት። ቢኔ ከመሞቱ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1909፣ ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ የአንድ ሰው አእምሮ ሊጨመርበት የማይችል የተመተረ መጠን ነው የሚሉትን አጥብቆ ተቃወመ።

እሱ ከሞተ በኋላ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ጀርመናዊው ዊልያም ሽተርን የልጁን «የአእምሮ ዕድሜ» ለትክክለኛ ዕድሜው ማካፈል የሚል ሐሳብ በ1912 አመጣ፤ አሜሪካዊው ሉዊስ ተርማን በ1916 ፈተናውን አሻሽሎ አሳተመው። ዛሬ አይ ኪው የምንለው ቁጥር የተወለደው እንዲህ ነው። አማካዩ 100 ነው፤ ከሦስት ሰው ሁለቱ ከ85 እስከ 115 ባለው ውስጥ ይገኛል። አሜሪካ በ1917 አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ ምልምል ወታደሮችን በጅምላ መፈተን ተጀመረ፤ ያኔም ፈታኞቹ ለሚያነቡት አንድ፣ ለማያነቡት ሌላ ፈተና ማዘጋጀት ግድ ሆነባቸው። አንድ ወረቀት ለሁሉ እንደማይሆን ራሳቸው ያውቁ ነበር ማለት ነው። በ1938 እንግሊዛዊው ጆን ሬቨን ያወጣው ፈተና ደግሞ ጭራሽ ቃል የለውም፤ አንድ ቁራጭ የጎደለው ሥዕል ይሰጥና ጎዶሎውን የሚሞላውን ምረጥ ይባላል።

ፈተናው ከንቱ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ እንደዚያ አልልም። በደንብ የተዘጋጀ ፈተና፣ ለተዘጋጀለት ልጅ፣ በሰለጠነ ሰው እጅ ሲሰጥ ብዙ ነገር ያሳያል፤ በትምህርት የሚገፋውንና የሚቸገረውን ቀድሞ በመጠቆም ረገድም ደህና ውጤት አለው። የሚያስቸግረው ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ሳይጠየቅ ፍርድ ሲሆን ነው።

ማን ማንን ያሳድጋል?

ረጅም ጊዜ ሰዎች የሚያስቡት በአንድ አቅጣጫ ነበር፤ ብልህ ልጅ ማንበብ ቶሎ ይማራል፣ ደካማው ይዘገያል። ይህ በከፊል እውነት ነው። ግን መንገዱ ወዲህም ወዲያም የሚያስኬድ መሆኑ ቆይቶ ታወቀ።

በብሪታንያ ስቱዋርት ሪቺና ባልደረቦቹ በ2015 ያሳተሙት ጥናት ከእነዚህ አንዱ ነው። 1,890 ጥንድ ተመሳሳይ መንትዮችን ከ7 ዓመታቸው እስከ 16 ዓመታቸው የተከታተለ ነው። ተመሳሳይ መንትዮች በዘር የወረሱት አንድ ነው፤ ያደጉትም በአንድ ቤት ነው። ነገር ግን ከሁለቱ አንዱ፣ በመምህርም ይሁን በጓደኛ ወይም በሌላ አጋጣሚ፣ በ7 ዓመቱ ከመንትያው የተሻለ ካነበበ፣ ከዓመታት በኋላ በአእምሮ መለኪያው ፈተናም ብልጫ አሳየ። የሚገርመው ብልጫው በቃላት ጥያቄዎች ላይ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ቃል በሌለባቸው የሥዕል ጥያቄዎችም ታይቷል።

ንባብ እንዴት ሥዕል መፍታት ያስተምራል? አንድ ጊዜ ቁጭ ብለው የሚያነብ ልጅ ይመልከቱ። ዓይኑ ከግራ ወደ ቀኝ፣ መስመር በመስመር ይሄዳል። የላይኛውን ይዞ ከታችኛው ጋር ያስተያያል። እዚህ የሌለውን ነገር በሐሳቡ ያቆማል። ቸኩሎ አይፈርድም፤ ካልገባው ወደ ኋላ ይመለሳል። የሬቨን ሥዕሎችም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። በዚያ ላይ የሚያነብ ልጅ በየቀኑ ቃላት ይሰበስባል፤ ቃላት የሰበሰበ የሚቀጥለው መጽሐፍ ይቀለዋል፤ የቀለለው ደግሞ አብልጦ ያነባል። ካናዳዊው ኪት ስታኖቪች በ1986 ይህን «የማቴዎስ ውጤት» ብሎ ጠራው፤ ስሙን የወሰደው በማቴዎስ ወንጌል ካለው የመክሊት ምሳሌ ነው። ያለው እየተጨመረለት፣ የሌለው ያለችውንም እያጣ ይሄዳል። በሦስተኛ ክፍል በትንሹ የነበረው ልዩነት ስምንተኛ ክፍል ላይ ገደል ይሆናል።

ትምህርት ራሱ ቁጥሩን እንደሚያሳድገው የታየበት ሌላም መንገድ አለ። ኖርዌይ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምራ ግዴታ የሆነውን የትምህርት ዘመን ከ7 ወደ 9 ዓመት ስታሳድግ፣ አዲሱ ደንብ ወደየወረዳው የደረሰው በተለያየ ዓመት ነበር። ወንዶቹ 19 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ለውትድርና ይፈተኑ ስለነበር፣ ተመራማሪዎች ቆየት ብለው የተጨመረለትንና ያልተጨመረለትን ማወዳደር ቻሉ፤ አንድ ዓመት ትምህርት 3.7 ነጥብ ያህል ጨምሯል። ከ600,000 በላይ ሰዎችን የሚያካትቱ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረው የ2018 ሥራም በአንድ የትምህርት ዓመት ከ1 እስከ 5 ነጥብ ጭማሪ አግኝቷል።

የሚጨምር ነገር ይቀንሳልም። በአሜሪካ ቨርጂንያ ውስጥ የፕሪንስ ኤድዋርድ ወረዳ ባለሥልጣናት ጥቁርና ነጭ ልጆች አብረው እንዲማሩ ከመፍቀድ ይልቅ ከ1959 እስከ 1964 የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ዘጉ። ለነጮቹ የግል ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው፤ ከጥቁሮቹ ብዙዎቹ ቤት ቀሩ። የቀሩት ልጆች የአእምሮ መለኪያ ውጤት በእያንዳንዱ ያለ ትምህርት ባለፈ ዓመት 6 ነጥብ ገደማ ወረደ። ልጆቹ አልተለወጡም፤ በሩ ነው የተዘጋባቸው።

ይህን ያነበብኩ ቀን ብዙ ሳልሄድ ወደ ኮን ተመለስኩ፣ በሐሳብ። የአክስቴ ልጅ አንደኛ ክፍል የገባው በ2013 ዓ.ም. ነው፤ በኮሮና ምክንያት መጋቢት 2012 የተዘጉት ትምህርት ቤቶች ገና መከፈታቸው ነበር። ያ ክረምት ሳያልቅ ጦርነቱ ሰሜን ወሎ ገባ፤ ዋድላም ደረሰ። የ2014 ትምህርት ዘመን ለእሱ እንደሌለ ይቆጠራል። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ሲዘጋ ነው የከረመው። ካርዱ ላይ «ሦስተኛ ክፍል» ይላል እንጂ የተቀመጠባቸው ቀናት ቢቆጠሩ ሁለት ዓመትም አይሞሉ። ፊደሉን በዜማ ይዞ መቅረቱ የሚገርም አይደለም። የሚገርመው ካርዱን ያየነው ሰዎች ሁላችን ስለ ጭንቅላቱ እንጂ ስለ ቀናቱ አለማሰባችን ነው።

63 የሚባለው ቁጥር

የእኛ ሰዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ በቀጥታ የገቡበት አንድ ምዕራፍ አለ፤ ደስ የሚል አይደለም፣ ግን መታወቅ አለበት።

በ1984 እና 1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ባጓጓዘው በዘመቻ ሰሎሞን፣ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሄዱ። ብዙዎቹ ከጎንደር ገጠር የወጡ ገበሬዎችና ባለእጆች ነበሩ። አዲስ ከገቡት ወጣቶች መካከል የተወሰኑት የሬቨንን የሥዕል ፈተና ተፈተኑ፤ ውጤታቸውም ዝቅ ያለ ሆነ። በ2002 ሪቻርድ ሊን እና ታቱ ቫንሃነን አገሮችን በአይ ኪው የሚደረድር መጽሐፍ ሲያሳትሙ ለኢትዮጵያ ሰንጠረዡ ላይ የሰጧት 63 ነው፤ መሠረቱም የእነዚያ ስደተኛ ወጣቶች ውጤት ነበር። ቀዬውን ለቆ፣ በማያውቀው አገር፣ በማያውቀው ቋንቋ መካከል፣ በዕድሜው አይቶት የማያውቅ ወረቀት የተሰጠው ልጅ ውጤት የኮኑም፣ የሐረሩም፣ የጂንካውም ልጅ ውጤት ተባለ። በጉን በአንድ ጠጉር መመዘን ይሉታል አክስቴ ቢሰሙት።

እዚያው እስራኤል ግን ሌላ ጥያቄ የጠየቁ ሰዎችም ነበሩ። ከሮማኒያ የሄደው ሩቨን ፎየርሽታይን የልጅ አእምሮ የሚታወቀው ዛሬ በሚያውቀው ሳይሆን ሲያስተምሩት በሚማረው መጠን ነው ይል ነበር። ይህን መንገድ ተከትለው ዴቪድ ጹሪኤልና ካውፍማን አንደኛ ክፍል ያሉ ከኢትዮጵያ የመጡ ልጆችን እዚያው ከተወለዱት ጋር አስተያዩ። መጀመሪያ ፈተኗቸው፤ የኢትዮጵያውያኑ ውጤት ዝቅ ያለ ነበር። ከዚያ ለአጭር ጊዜ አስተማሯቸው፤ መልሱን ሳይሆን አስተያየቱን። ይህን ከዚያ አወዳድር፣ አትቸኩል፣ መስመሩን ተከተል። ደግመው ሲፈትኗቸው ልዩነቱ በጣም ጠበበ። ጥናቱ በ1999 ታትሟል። ለዓመታት የተገነባ የአእምሮ ጉድለት በጥቂት ሰዓት ትምህርት አይሞላም፤ የጎደለው ሌላ ነገር ነበር።

ቃል ያለባቸው ጥያቄዎች ላይም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። ሩሲያዊው አሌክሳንደር ሉርያ በ1931 እና 1932 ኡዝቤኪስታን ገጠር ገብቶ ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬዎችን ጠይቋል። በረዶ ባለበት ሰሜን አገር ድብ ሁሉ ነጭ ነው፤ አንዲት በዚያ ያለች ደሴት ጠቅሶ፣ እዚያስ ድቡ ምን ዓይነት ነው? ገበሬዎቹ እዚያ ስላልሄድን አናውቅም፣ ያየ ሰው ይጠየቅ ይሉት ነበር። ትንሽ እንኳ ትምህርት የቀመሱት ግን ነጭ ነው ብለው ወዲያው መለሱ። የእኛ አገር ሽማግሌ ቢጠየቅም ያላየሁትን አልመሰክርም ነው የሚለው፤ ይህም ከጥንቃቄ እንጂ ከሞኝነት አይቆጠርበትም። ትምህርት ቤትና መጽሐፍ የሚያስለምዱት ያላዩትን ነገር ቃሉን ብቻ ይዞ ማሰብን ነው። ፈተናው ያንን ልማድ ይለካል።

ጎበዝ ሆኖ ማንበብ የሚያቅተውስ?

እስከ አሁን ያነሳሁት ዕድል ስላላገኘ ልጅ ነው። ሌላም ልጅ አለ፤ በየቀኑ ትምህርት ቤት እየሄደ፣ በደንብ እየተማረ፣ ፊደሉ ግን እምቢ የሚለው።

በ1896 ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ በሕክምና መጽሔት ጻፈ። ልጁ ፐርሲ ይባላል። ቀልጣፋ ነው፣ በጨዋታም ከእኩዮቹ አያንስም፤ ነገር ግን ለዓመታት ተምሮ አጫጭር ቃላት እንኳ ማንበብ አልቻለም፤ የገዛ ስሙን ሲጽፍ ፊደሎቹን ያፈራርቃቸዋል። ለብዙ ዓመት ያስተማረው መምህር ትምህርቱ ሁሉ በቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ይወጣ እንደነበር መስክሯል። ዛሬ ይህ ችግር ዲስሌክሲያ ይባላል። በአሜሪካ ኮነቲከት ውስጥ ልጆችን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ለዓመታት የተከታተለ በ2010 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በደህና አንባቢዎች ዘንድ ንባብና የአእምሮ ብቃት እየተረዳዱ አብረው ያድጋሉ፤ ዲስሌክሲያ ባለባቸው ልጆች ግን ሁለቱ ይለያያሉ። አእምሮው በራሱ መንገድ ይሄዳል፣ ንባቡ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ በንባቡ አእምሮውን መገመት በእነዚህ ልጆች ላይ ፈጽሞ አይሠራም።

ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ የሚለው ነገር አንድ የዋድላ ሰው ጆሮ ላይ ሲደርስ ሌላ ነገር ያስታውሳል። ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሟ የሚጠራ የቅኔ አገር ናት። ቅኔ ቤት ውስጥ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ የሚወጣው ተማሪ ሰምና ወርቁን አስማምቶ፣ ቤቱን መትቶ፣ ቅኔውን በጭንቅላቱ ቆጥሮ ለመምህሩ በቃሉ ነው የሚነግረው። በወረቀት ላይ አይቀምረውም። ዐይነ ስውራን ሊቃውንት ከዚህ ጉባኤ የወጡትና ሌሎችን ያስተማሩትም ለዚህ ነው። አንድ አይተው የማያነቡ የኔታን «ጭንቅላታቸው አይቀበልም» የሚል ማን አለ?

ይህን የምለው ንባብ አያስፈልግም ለማለት አይደለም፤ ቅኔ ቤቱ ራሱ ከፊቱ ንባብ ቤት አለው። ደግሞም የድሮዎቹ መምህራን የአክስቴን ልጅ ችግር በደንብ ያውቁት ነበር። ሕፃኑ ሀሁን በዜማ ከያዘ በኋላ «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ» የሚያስቆጥሩት ለምን ይመስላችኋል? ፊደሎቹን ከተራቸው አናግተው ልጁ በዜማ ሳይሆን በመልካቸው ያውቃቸው እንደሆነ ለማረጋገጥ ነው። በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ገበታ ከላይ ወደ ታች ብቻ በሚያስዘምር ክፍል ውስጥ አቡጊዳን የመሰለ ነገር ብዙም አላየሁም። በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ በተለያዩ ክልሎችና ቋንቋዎች በተደረገ የንባብ ፍተሻ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስት አንድ ያህሉ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የቀረበላቸውን ምንባብ አንዲት ቃሉን እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከሦስት ልጅ አንዱ ደካማ ጭንቅላት ይዞ የሚወለድበት አገር የለም።

ሆድና ዓይን

ያንግ ላይቭስ የሚባል ጥናት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በህንድ፣ በፔሩና በቬትናም ልጆችን ሲከታተል ኖሯል፤ በእኛ አገር 3,000 ያህል ልጆች አሉበት፣ አማራ ክልልም ተካቷል። መጀመሪያ ላይ 8 ዓመት የነበራቸው ልጆች የሬቨንን ሥዕል ተፈትነዋል፤ ንባብና ጽሕፈትም አብሮ ታይቷል። በየዙሩ ደጋግሞ የታየው የከተማና የገጠር፣ የእናት ትምህርትና የቤት ኑሮ ልዩነት ውጤቱ ላይ ምን ያህል እንደሚያርፍ ነው። በሕፃንነቱ የቀነጨረ ልጅ በኋላ በፈተናዎቹ ዝቅ ይላል፤ ቁመቱ መልሶ ያገገመው ደግሞ ሳያገግም ከቀረው ይሻላል። ከዋድላ ብዙ ሳይርቅ፣ በዋግ ኽምራ ባለችው ከተማ ስም የተሰየመው የሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2007 ዓ.ም. ሲታወጅ መቀንጨርን የአገር ጉዳይ ያደረገው ለዚህ ነው።

ዓይንም መታየት አለበት። አማራ ክልል በትራኮማ ክፉኛ ከተጠቁት የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። ሰሌዳውን በደንብ የማያይ ልጅ ከሰሌዳው አይማርም፤ ይህን ለመናገር ጥናት አያስፈልግም። ጆሮውም እንደዚሁ፤ ከኋላ ተቀምጦ መምህሩን የማይሰማ ልጅ «ፈዛዛ» ይባላል። ከሁሉ በፊት ጤና ጣቢያ ወስዶ ማስመርመር የሁለት ሰዓት ሥራ ነው።

ለአክስቴ ያልኳቸው

አክስቴ መልስ ይጠብቁ ነበር አልኳችሁ። እኔ የሥነ ልቦና ባለሙያ አይደለሁም፤ ልጁ ዲስሌክሲያ ይኑርበት አይኑርበትም በአንድ ጠዋት የሚታወቅ ነገር አይደለም። በሠለጠነ ሰው፣ በልጁ ቋንቋ፣ ለእሱ በሚሆን ፈተና መታየት ይኖርበታል፤ ያ ደግሞ ለኮን ቅርብ አይደለም። በእጃችን ያለውን ግን ጀመርን።

ያረጀ የፊደል ገበታ አግኝተን በመቀስ ቆራረጥነው። ዘጠነኛ ክፍል ያለችው እህቱ በየምሽቱ ፊደሎቹን በጥብጣ አንድ በአንድ እያወጣች ታሳየዋለች፤ ካወቀ ለእሱ፣ ካላወቀ ለእሷ ይቆጠራል። ጨዋታ ስለሆነ አልሸሸም። ከዚያ ከሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ግማሽ ገጽ። ክፍሉ አራተኛ ነውና ከአራተኛው ይጀምር የሚለውን ተውነው፤ ሕንድ አገር ፕራታም የተባለው ድርጅት በብዙ ሺህ ትምህርት ቤቶች የሠራበት መንገድ ልጁን በክፍሉ ሳይሆን በደረሰበት የንባብ ደረጃ ማስተማር ነው፤ ውጤቱም ተመስክሮለታል። በቀን 15 ወይም 20 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሄደ ልጁም እህቱም ይሰለቻሉ።

አክስቴ ማንበብ አይችሉም። «እኔ ምን ልረዳው እችላለሁ?» አሉኝ፤ ይህን ጥያቄ ብዙ እናቶች ይጠይቁታል። ሥራቸው ከሁላችን የከበደ እንደሆነ ነገርኳቸው። ልጁ ግማሽ ገጹን ሲጨርስ «ምን ይላል?» ብለው ይጠይቁታል፤ ነግሯቸው ካልገባቸው «አልገባኝም፣ እንደገና» ይሉታል። ያነበበውን ለማያነብ ሰው ማስረዳት ያለበት ልጅ ቃሉን ብቻ ጠርቶ ማለፍ አይችልም። ተረታቸውንም እንዳይተዉ ለመንኳቸው፤ በየምሽቱ ምድጃ ዳር የሚሰማው ቃል ነገ መጽሐፍ ውስጥ ሲያገኘው የሚያውቀው ዘመድ ይሆንለታል። ደግሞ አንድ ነገር ለመንኳቸው፣ ፊቱ ላይ «አይቀበልም» የሚለውን ቃል እንዳይደግሙት። እሳቸውም «እኔ መች አልኩ፣ የመምህሩን ነው የነገርኩሽ» ብለው ትንሽ ተቀየሙኝ።

በጎቹ ግን ቀላል አልነበሩም። ጠዋት የሚማር ልጅ ከሰዓት በጎች ይጠብቃል፤ ማታ ደክሞት ይተኛል። ጥናት የሚጽፉ ሰዎች ይህን በአንድ መስመር ያልፉታል፤ ለአክስቴ ግን ቤቱ የቆመው በእነዚያ በጎች ነው። ከጎረቤት ጋር ተነጋግረው በጎቹን አንድ ላይ አድርገው ልጆቹ ቀን በቀን በተራ እንዲጠብቁ እስኪስማሙ ሦስት ሳምንት ፈጀ።

ዘንድሮ አምስተኛ ክፍል ገብቷል። ካርዱ ላይ ከ44 ተማሪ 31ኛ ይላል፤ ብዙ ለውጥ ነው አልልም። ንባቡ አሁንም ቀርፋፋ ነው፤ ረዘም ያለ ቃል ሲያጋጥመው ይሰብረዋል። ሁለተኛ ክፍል መጽሐፉን ግን ጨርሶ ሦስተኛውን ይዟል። ወልድያ የመላኩ ነገር ለጊዜው አይነሣም።

ባለፈው እሑድ ስደውል ስልኩን ያነሣው እሱ ነው። ሰላምታውን ሳይጨርስ «እንቆቅልሽ» አለኝ።

«ምን አውቅልህ?»

ከመጽሐፍ ያነበበው አዲስ እንቆቅልሽ ነው። አላወቅኩትም። ወልድያን ልስጥህ ብለው እምቢ አለ፤ አዲስ አበባን ካልሰጠሽኝ አለ። ሰጠሁት።